የእትዬ ጫልቱ ማር ዮርክ ገባ

ሰኞ፣ መስከረም 5

ማሩ አልፈሰሰም። ሻንጣውን ስከፍት መጀመሪያ የዳበስኩት እሱን ነው። ፌስታል፣ ከፌስታሉ ሥር የአባ አሮጌ ፎጣ፣ ከፎጣው ሥር ፕላስተር፣ ከዚያ ጣሳው። አንዲት ጠብታ የለም። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያስከፍቱኛል ብዬ ስንት ዱዓ ሳደርግ ነበር፣ አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። ይሄም ራሱ አጠራጠረኝ።

ያከራየችኝ ሴትዮ ማርጋሬት ትባላለች። በስሜ ጥሪኝ አለችኝ። የእናቴን እናት የምታክል ሴት በስሟ ጠርቼ ቤቷ ልደር? «እትዬ ማርጋሬት» እላታለሁ። እትዬ ማለት ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፣ ግን ደስ ብሏታል።

እስካሁን ዮርክ ላይ ያላመንኳቸው ነገሮች፦

ሰው ሳይነካኝ ይቅርታ ይለኛል። ምን አድርጎኝ ይሆን እያልኩ ቦርሳዬን እፈትሻለሁ።

ሁለት ቧንቧ አለ፣ አንዱ ያቃጥላል፣ አንዱ ያደነዝዛል። ለብ ያለ ውሃ የተከለከለ ይመስላል።

ዝይ በመንገዱ መሀል ይንጎራደዳል። ባለቤት የለውም አሉኝ። መቱ ቢሆን እስከ ማታ ባለቤት ይገኝለት ነበር።

ትምህርት የሚጀምረው የዛሬ ሳምንት ነው። እስከዚያ ከተማውን እያየሁ እግሬን አፍታታለሁ ብዬ ነበር። ግን እስከዚያ ያለብኝ ዋና ሥራ ማሩ ነው። ነገሩን እዚህ ልጻፈው፣ ጭንቅላቴም ይጥራልኝ።

እትዬ ጫልቱ ከመቱ አጠገብ ካለችው ከሁሩሙ ናቸው፤ መቱ ላለው የአባ ሱቅ ማር የሚያቀርቡልን። ገመቹ የሚባል አንድ ልጃቸው፣ እኔ ገና አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን ወጣና በዚያው ጠፋ። ካቻምና አንድ ሰው ደውሎ «እማ፣ ገመቹ ነኝ» አላቸው። አለቀሱ፣ እልል አሉ፣ ጎረቤት ጠርተው አበሉ። ሰውዬው አጭበርባሪ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ጫልቱ ስልክ አይነኩም። ዓይናቸውንም ሞራ ስለያዘው ፎቶም ቪዲዮም ለእሳቸው ጭጋግ ነው። ዘንድሮ ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ሰው በፌስቡክ ለወንድሜ ጻፈ፦ «ገመቹ ነኝ፣ ዮርክ የምትባል ከተማ ነው ያለሁት፣ ከእናቴ አገናኙኝ።» ደጋግሞ ጻፈ። አባ «ልጄ ለትምህርት ወደዚያው ትመጣለች፣ እስከዚያ ታገሥ» ብሎ በወንድሜ አስጻፈለት።

ልሄድ ስል እትዬ ጫልቱ ጣሳውን እጄ ላይ አስቀመጡና እጄን ከነጣሳው ጨበጡት። «ከፊቱ ክፈቺው። ምንም አትበዪው። ያደረገውን ሁሉ ግን ለእኔ ትነግሪኛለሽ» አሉኝ። ምን እንደሚጠብቁ ብጠይቃቸው «ከነገርኩሽ ዓይንሽ ይነግረዋል» አሉኝ።

እኔ ግን ገብቶኛል። የኢቢቻ ማር ነው፣ ከግራዋ አበባ የተቀሰመ፣ ጥቁርና መራራ። በእሱ ያደገ ሰው ያጣጥመዋል፣ ያላደገ ይተፋዋል። ፈተናው ይሄው ነው።

አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው። ለሐሰተኛ ከሰጠሁት እትዬ ጫልቱ ከዚህ በኋላ ቀና አይሉም። እውነተኛውን ከከለከልኩትስ? እሱን ማሰብ አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 6

አገኘሁት። አባ በስልክ የሰጠኝ ትእዛዝ፦ ሰው የሚበዛበት ቦታ ቅጠሪው፣ ማሩን አትያዢ፣ ቤትሽን አታሳዪው፣ ስለ እናቱ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ፤ ዛሬ የነገርሽውን ነገ የራሱ አድርጎ ይነግርሻል።

እኔ ጠዋት ብዬው ነበር። «ጠዋት አይሆንም፣ ከሰዓት ይሻለኛል» አለ። ሥራ ነው? ስለው፣ አይ፣ ሥራ እንኳ አይደለም። ታዲያ ጠዋት ምን አድርጋው ነው?

ትልቁ ቤተ ክርስቲያናቸው በር ላይ ተገናኘን። ረጅም፣ ራሰ በራ፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ነው። «አካም ጂርታ» አለኝ። ኦሮምኛው የኛ አገር ነው፣ ግን በየመሀሉ ዓረብኛ ይገባበታል። በዕድሜው ጋሼ ልለው ይገባኝ ነበር፣ አላልኩትም። ጋሼ የሚባለው ማንነቱ ሲታወቅ ነው።

መጀመሪያ የጠየቀኝ ይሄን ነው፦ «ብቻሽን ነሽ? ሌላ ሰው አልተላከም?» ከኋላዬ ደግሞ ያያል።  «ሰው ይጠብቀኛል» አልኩት። ማን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም፤ እትዬ ማርጋሬት ትሁን።

ከተማውን ላሳይሽ ብሎ የጥንቱ ግንብ ላይ አወጣኝ። ከተማዋን እንደ ሐረር ጀጎል የከበበ ግንብ ነው፣ ግን ላዩ ላይ ይኬዳል። ከላይ ሲታይ የሰው ጓሮ ነው፣ የተሰጣ ልብስ፣ የልጆች ብስክሌት። ደስ ይላል። ደስ እንዳይለኝ እየታገልኩ ነው የሄድኩት። አንድ በር ላይ ስንደርስ «የንጉሥ ጠላት የሆነን ሰው ራሱን ቆርጠው እዚህ ላይ ይሰቅሉት ነበር» አለኝ። ይሄን ለእኔ መንገሩ ለምን አስፈለገ?

ስለ ብዙ ነገር ጠየቀኝ። ሱቁ እንዴት ነው? መንገዱ ተሠራ? ሶር ወንዝ ዘንድሮ ሞላ? ቡና እንዴት ያዘ? ስለ እናቱ ግን አንድም ጥያቄ የለም። አንድም! አሥራ ምናምን ዓመት እናቱን ያላየ ልጅ ስለ መንገድ ይጠይቃል?

ወደ ቤት ስመለስ ሦስት ቦታ ታጥፌ ነው የገባሁት። ጠፍቼም ነበር።

ረቡዕ፣ መስከረም 7

ዛሬ እኔ ነኝ ጠያቂዋ። ጥንት ሥጋ ይሸጥበት የነበረ ጠባብ መንገድ ውስጥ ወሰደኝ። ቤቶቹ ወደ ላይ እየሰፉ ሄደው ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም፣ ሐሜት እንደያዙ ሴቶች ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመዋል። ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳል። እኔ ሁሩሙን ነው የማስበው።

«ገበያው ላይ ሰው የሚያርፈው የት ነበር?» አልኩት እንደዘበት።

«ዛፉ ሥር ነዋ። ትልቁ ዋርካ ሥር። ማር ሻጮቹ እዚያ ነበሩ።»

ያዝኩህ! ከአባ ጋር ማር ልንገዛ ስንት ጊዜ ሁሩሙ ሄጃለሁ፣ ገበያው ላይ ዋርካ የሚባል የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ሁለተኛው ይብሳል። ሻይ ልንጠጣ ገብተን ካፖርቱን ሲያወልቅ ሸሚዙ ላይ የሥራ ባጅ አየሁ። ሳሙኤል ይላል። ማየቴን አየ። «መንገድ ላይ ያገኘሁት ስም ነው» አለ። «ካርቱም ላይ አንዱ እንዲህ ብሎ መዘገበኝ፣ በዚያው ቀረ።» አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ አለ። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ስሙን የለወጠ እናትስ ለመለወጥ ምን ያግደዋል?

ስንለያይ አንገቱን ደፍቶ «ይዘሽው የመጣሽውን መቼ ነው የምትሰጪኝ? ተዘጋጅቻለሁ» አለኝ።

ለማር መዘጋጀት ምን ማለት ነው?

ሐሙስ፣ መስከረም 8

ዛሬ ያደረግኩትን አባ ቢሰማ ይገድለኛል፣ ወይም ይመርቀኛል።

ለብቻዬ ግንቡ ላይ ስሄድ ድልድዩን ሲሻገር አየሁት። ወረድኩና ተከተልኩት። ሻሼን አውልቄ ሌላ አሠርኩ፣ የሚያውቀው አረንጓዴውን ነው። እሱ ሲቆም እኔም የሱቅ መስታወት አያለሁ፤ አንዱ መስታወት ውስጥ ያለው የውሻ ልብስ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቶ ነው። ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ገባ። ቆየ። ጥቁር ኮት ይዞ ወጣ፣ ጥቁር ሱሪም ክንዱ ላይ ጣል አድርጓል። ከዚያ ወንዙን ይዞ ሄዶ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ገባ። ቦታውን በደንብ አይቼዋለሁ፣ በሩ አጠገብ የተሰበረ የአበባ ማሰሮ አለ።

ሰው ሊጠፋ ሲል ልብስ ይለውጣል። ማሩን ተቀብሎ፣ የእናቱን ልብ ተቀብሎ፣ ከዚያ ዘወር ሊል ነው? ግን ከአንዲት ዓይኗ ከማያይላት የሁሩሙ ሴት ምን ሊያገኝ? እሱን ሳስብ ጥርጣሬዬ እግር ያጣል።

ቢሆንም አላመንኩትም።

ዓርብ፣ መስከረም 9

ጁምዓ ሰገድኩ። ትንሽ መስጊድ አለች፣ ከውጭ ስትታይ መኖሪያ ቤት ነው የምትመስለው። ከጎኔ የነበረች የሱማሌ ሴት ቴምር ሰጠችኝ፣ ሳልጠራጠር በላሁ። ለካ ችሎታው አልጠፋኝም።

አባ ደወለ። ስለ ዋርካው ስነግረው ሳቀ። «ነበረ እንጂ! አስፋልቱ ሲገባ ነው የቆረጡት። አንቺ በእቅፍ ሳለሽ እሱ ሥር አስተኝቼሽ ነበር ማር የምመዝነው።» እንግዲህ አንድ ለእሱ። ግን ይሄንን እኮ ማንኛውም የአገሩ ሰው ያውቀዋል፣ ካቻምና የደወለውም የእትዬ ጫልቱን የላም ስም ሳይቀር ያውቅ ነበር።

«ማሩን አቅምሺው በቃ፣ አታንዛዢው» አለኝ አባ። «ጫልቱ እኔን በየቀኑ ታስጠይቀኛለች። እህል አልቀምስ ብላለች አሉ።»

ለሰውዬው ነገ ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው መለሰ፦ «እሺ። የሚሆነው ይሁን።»

እንዲህ ያለ መልስ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

በቃ፣ አለቀ። 

ግንቡ ሥር ሣሩ ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከጫፉ ላይ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ከውሻው ጋር ተቀምጧል። ዳቦ ይዤ ነበር። ጣሳውን ከፍቼ መሀላችን አስቀመጥኩ። ምንም አላልኩም፣ እትዬ ጫልቱ እንዳሉኝ።

ረጅም ጊዜ ማሩን አየው። ከዚያ ዳቦውን ቆረሰና ነክሮ ወደ እኔ ዘረጋልኝ። «አንቺ ቅመሺ።»

አይ አንተ! መርዝ ፈርቶ ነው። እሱ ንጉሥ፣ እኔ ቀማሽ! እንኳን ተጠራጥሬህ አልኩ በሆዴ። እንዳልፈራ አሳየዋለሁ ብዬ ጎረስኩ። ያ ረቢ፣ እንዴት ይመራል! ሳልውጠው ደግሞ ሁለተኛ ነክሮ ለሽማግሌው ሰጠው። ሰውዬው ደንግጦ ይቅርታ አለ፣ አመሰገነ፣ ጎረሰ። «ሎቭሊ» አለ፣ ፊቱ ግን ሌላ ነው ያለው። ለሁለት ቀማሽ አሳልፎ ነው እንግዲህ ራሱ የበላው።

ፊቱ ጭምድድ አለ። ሰፈፉን መሀረቡ ላይ ተፋው። «ይመራል» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከዚያ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ።

የሁሩሙ ልጅ የኢቢቻ ማር መረረው! ጣሳውን ከደንኩት። «ይሄ እኔ ጋ ይቆይ፣ ነገ ከአገር ቤት ሰዎች ጋር ተነጋግሬ አሳውቅሃለሁ» አልኩት። ጣሳውን ሳነሳ አልከለከለኝም፣ አልተቆጣም። «ነገ» አለ፣ «እሺ፣ ነገ።»

ማሸነፍ ደስ ይላል ብዬ ነበር። ቤት ገብቼ ቁጭ አልኩ፣ እራት አልበላ አለኝ። ሌባ የያዝኩ ሳይሆን የሆነ ነገር የሰረቅኩ ነው የመሰለኝ። ለእትዬ ጫልቱ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?

እሑድ፣ መስከረም 11

ከየት ልጀምር።

አባ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ ሁሩሙ ሄደ። ስልኩን ከፍ አድርጎ እትዬ ጫልቱ ጆሮ ሥር ያዘላቸው፤ በእጃቸው አልነካም አሉ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። የሚወራው በኦሮምኛ ነው።

«እትዬ፣ አይዞዎት» ብዬ ጀመርኩ። «ልጅዎ አይመስለኝም። ማሩ መረረው። ተፋው።»

ሳቁ። እየሳቁ ሳላቸው መጣ። «እሱማ መች ወዶት ያውቃል! ጡት ከጣለ ጀምሮ እየተፋ አይደል ያደገው? ይልቅ ንገሪኝ፣ ከመብላቱ በፊት ምን አደረገ?»

«ከመብላቱ በፊት... መጀመሪያ ለእኔ አቀመሰኝ። ከዚያ አንድ የማያውቀው ፈረንጅ አጠገባችን ነበር፣ ለእሱም። ፈርቶ ነው፣ መርዝ...»

 አባ «ሀሎ? ኔትወርክ ነው?» ይላል። ችግሩ ኔትወርክ አልነበረም።

ነገሩን ያኔ ነው የነገሩኝ። ገመቹ ልጅ ሳለ አባቱ ቀፎ ሲያወርድ መጀመሪያ ልጁ ጎረሰ፣ አጠገባቸው የቆመ መንገደኛ እያየ። በማግሥቱ ንቡ ቀፎውን ጥሎ ሄደ። አጠገብህ ያለ ሳይቀምስ አንተ ከበላህ ንብ ይቀየማል ብሎ አባቱ ተቆጣው። ልጁ ከዚያ ወዲያ አጠገቡ ያለ ሰው ሁሉ ካልቀመሰ ማር አይነካም። አህያ ነጂውን፣ ግብር ሰብሳቢውን፣ የተጣላውን ጎረቤት ሳይቀር እየጠራ ያቀምስ ነበር። «ድምፅ ይሰረቃል» አሉ እትዬ ጫልቱ፣ «የላም ስምም ይሰረቃል። ይሄን ማን ይሰርቀዋል? እሱ ነው። አገናኚኝ። አሁን!»

ሮጥኩ። ስልኩን አልዘጋሁትም፣ በአንድ እጄ እሱ፣ በሌላው ጣሳው። እትዬ ማርጋሬት ምን ሆንሽ ስትል «ሶሪ» ብቻ ብያት ወጣሁ፤ ይሄን ቃል ለካ ለዚህ ነው የሚጠቀሙበት። ግንቡን፣ ድልድዩን፣ ዝዮቹን አልፌ ሰማያዊውን በር ደበደብኩት።

ከፈተ። ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ኮት። ፍራሹን ወለሉ ላይ አውርዶታል፣ መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዙሮታል። ቤቱን እንዴት አወቅሽው እንኳ አላለኝም።

«ግቢ» አለኝ። «በይ ንገሪኝ። ተዘጋጅቻለሁ።»

ያኔ ነው የገባኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ! መርዶ ነጋሪ አድርጎ ነው ሲጠብቀኝ የከረመው። በእኛ አገር ውጭ ያለን ሰው እናትህ ሞተች ብሎ በስልክ የሚነግር የለም። ሰው ይላካል። የተላከው ሰው ዙሪያውን ያወራል እንጂ ስለ ሟች አይናገርም። መርዶ በማለዳ ነው፣ ሰው ሰብስቦ ነው። ጠዋት አልገናኝም ያለው፣ ሌላ ሰው አልተላከም ወይ ያለው፣ የኋላዬን ያየው! ከእናቴ አገናኙኝ ባለ ቁጥር ታገሥ አልነው። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ስለ እናቱ አፌን ለጉሜ ከተማ ስዞር ከረምኩ። ስለ እሷ ያልጠየቀው፣ ከጠየቀ እንዳልነግረው ፈርቶ ነው።

 ደግነቱ ስልኩ አልተዘጋም ነበር። «ማነው? በሩን ማን ከፈተው?» አለ ከእጄ ውስጥ የእትዬ ጫልቱ ድምፅ።

ሰውየው ወደ ኋላ አለ። «ማናት?»

«እናትህ ናቸው።»

«አይደለችም» አለ። «ልታጽናኑኝ ነው። ድምፅ ይመሳሰላል።»

«ልክ ብሏል!» አሉ እትዬ ጫልቱ። «አትመን ልጄ፣ እኔም አላምንም። ማሩ እዚያ አለ? በል ለልጅቷ አቅምሳት፣ ከዚያ ብላ። ሲመርህ ልስማህ።»

ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። ዳቦ አልነበረም፣ በጣቱ ጨለፈና መዳፌ ላይ አደረገልኝ። በላሁ። ከዚያ እሱ ላሰ።

«ሀርሜ» ብሎ እናቱን ጠራ። «ሀርሜ፣ ይመራል።»

ከዚያ በኋላ የነበረውን አልጽፈውም። እሱም አለቀሰ፣ እሳቸውም አለቀሱ፣ አባ ሁሩሙ ላይ ሆኖ ስልኩን እንደያዘ ያለቅሳል፣ እኔ ዮርክ ላይ በማር የተለወሰ እጄን የማብስበት አጥቼ አለቅሳለሁ።

ሲረጋጋ ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱም ትንሽ ቆይቶ «ማክሰኞ ዕለት ሦስት ቦታ ስትታጠፊ አይቼሻለሁ፣ የጠፋሽ መስሎኝ እስክትገቢ ከሩቅ ጠበቅኩሽ» አለኝ። ቤቴን ያውቀው ነበር ማለት ነው! ይሄ አሁንም ትንሽ አላማረኝም።

ነገ ትምህርት ይጀምራል። ጋሼ ገመቹ እስከ ግቢው በር እሸኝሻለሁ አለኝ።

«ጠዋት ነው እኮ» አልኩት።

«ይሁን» አለ።